በባቄላ የተሰጠ ድምፅ

ዘመኑ 1967፣ ወሩ ሰኔ ነው። በመካነ ሰላም አቅራቢያ ያለው የገበሬ ማኅበር ከተቋቋመ ሁለት ወሩ ሲሆን፣ ያለው ሀብት ሃያ ሦስት አባላትና አንድ ጆንያ የባቄላ ዘር ነበር። ዘሩ በመንገድ ዝናብ ስለመታው ቶሎ ካልተወሰነ ይበላሻል። ይዘራ ወይስ ይበላ? ቢበላ ሳምንት ያቆያል፤ ቢዘራ፣ እግዜር ካለ፣ የከርሞ ነፍስ ነው።

ሊቀመንበሩ አቶ ምናለ ሦስት ቀን ሰበሰባቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለ አጀንዳው ተጨቃጨቁ። በሁለተኛው ቀን ነገ እንወስን ብለው ወሰኑ። ምናለ አፈረ፤ ግን ከአምናው ረሃብ የተረፈን ሰው ቶሎ ወስን ማለት አይቻልም ብሎ ራሱን አጽናና።

በሦስተኛው ቀን መላ መጣለት፤ የምስጢር ድምፅ። ወረቀት ስለሌለ ለያንዳንዱ ሰው ከጆንያው አንዳንድ ባቄላ ታደለ። አንድ ባዶ ጎጆ ውስጥ ማድጋና ቅል ተቀመጡ። ይዘራ የሚል ማድጋው ውስጥ፣ ይበላ የሚል ቅሉ ውስጥ ይጨምራል።

"በሩን ማን ይጠብቅ?" አለ ምናለ።

"አራጌ" አለ ከአባላቱ አንዱ፣ ቸኮል።

"አራጌማ አይሆንም!" አለች ወርቂቱ። "ትናንት ጆንያውን ሲዳብስ አይቼዋለሁ።"

ለመቆም ጉልበት ያለው ሌላ ሰው ግን አልተገኘም።

ምናለ አርአያ ለመሆን ቀድሞ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ "ይዘራ!" እያለ ስለጮኸ የሱ ድምፅ ለማንም ምስጢር አልነበረም። ሲወጣ ቀጣዩን እንዲጠራ ለአራጌ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠው። ሌሎቹም ተራ በተራ ገቡ። ሁሉም ቆየት ይሉና ያለ አንዳች ቃል ይወጣሉ፤ አንዳንዱም አፉን በጋቢው ይሸፍናል። ምናለ እንዲህ ምስጢር ጠባቂ ሕዝብ ስለሚመራ በልቡ ኮራ።

ሃያ ሁለተኛዋ ወርቂቱ ስትወጣ ምናለ ሁሉም የጨረሰ መስሎት ገብቶ ማድጋውን ዘቀዘቀ። ባዶ። ቅሉን አራገፈ። ባዶ።

"አራጌ!" ብሎ እየጮኸ ወጣ። "የሕዝቡን ድምፅ በላኸው! አፍህን ክፈት!"

አራጌ ከፈተ። ከደረቀ ምላስ በቀር ምንም የለበትም። ከዚያ የጨበጠውን እጁን ዘረጋ፤ መዳፉ ላይ ላብ ያራሳት አንዲት ባቄላ ነበረች።

"የኔ ተራ እኮ ገና ነው፣ አያ ምናለ።"

ገብቶ ማድጋው ውስጥ ጣላት፤ ኳ ስትል ውጭ ድረስ ተሰማ። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

"በሉ እንግዲህ" አለ፣ "እናንተም አፋችሁን ክፈቱ።"

ምናለ ከመንጋጋው ሥር የተሰነቀረውን የባቄላ ልጣጭ በምላሱ እየገፋ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ።