አያ ፈንታ በየትኛው ጎናቸው ይተኙ?

«ልቀቂያቸው! እጅሽን አንሺ ብያለሁ!»

የጮኸው ቻላቸው ነው... በር ላይ ቆሞ።

ስንዱ አልለቀቀችም። አማቷን አያ ፈንታን አቅፋ ወደ ሌላው ጎናቸው ልታዞራቸው ስትል ነው የደረሰባት።

እኔ ጎረቤት ነኝ። ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አገሩ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲህ።

አያ ፈንታ መነሣት ካቃታቸው ከርሟል። ተናዘዋል፣ ቆርበዋል... የቀራቸው ሞት ነው።

ልጆቻቸው ደምሌና ቻላቸው በግራ ጎናቸው አስተኝተዋቸዋል። ነፍሳቸው ስትወጣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ብለው።

ደግ አስበው ነው... ግን ያ ጎን ተላጠ። ከዚያ ቆሰለ። አጥንት ሊታይ ደረሰ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ስንዱ ለብ ባለ ውኃ ታጥባለች፣ ማር ትቀባለች። ግን እላዩ ላይ እየተተኛበት ቁስል እንዴት ይሽር?

«እሳቸው ናቸው አዙሪኝ ያሉኝ!» አለች።

«ሐሰት! እኛ ስንጠይቃቸው ዝም፣ ላንቺ ይናገራሉ?» አለ ቻላቸው። «ያንቺ አባት ቢሆኑ ታደርጊው ነበር?»

«አባቴ ቢሆኑማ መች እስካሁን እታገሥ ነበር!»

ባሏ ደምሌም ኩታውን አፍንጫው ላይ እንደያዘ ከበሩ ተናገረ። «ፊታቸው ወደ ምዕራብ እንደዞረ ቢሞቱስ? ማን ይጠየቅበታል?»

«እኔ ልጠየቅ!»

እኔም ፈራሁ። ትንፋሻቸው ቀጥኗል... ነፍሳቸው ዛሬ ትውጣ ነገ አይታወቅም።

የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ገብርኤልን ከቤተ ልሔም ደብር አስመጡ። እንዲገዝቷት ነው።

አባ እንደ ልጆቹ በር ላይ አልቆሙም። ገብተው ከመደቡ ሥር ተንበረከኩ... ጆሯቸውን ከአያ ፈንታ አፍ አስጠጉ።

ቆዩ።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አዝሏል።

«እውነቷን ነው። አባታችሁ ናቸው ያዘዟት። ‹ልጆቼ በር ላይ ሆነው እንዴት አደሩ ይሉኛል፤ እመልሳለሁ፣ ድምፄ አይደርሳቸውም› ይላሉ።»



ደምሌ ኩታውን ከአፍንጫው አወረደ።

«እና... ምሥራቁስ አባ?»

«ምን ቸገረህ? ራስጌውን ግርጌ አድርገህ በቀኝ ጎናቸው አስተኛቸዋ! ፊታቸው ያው ምሥራቅ አይደለም?»

ስንዱ ሳቀች... እያለቀሰች።

ቻላቸው አጎዛ አነጠፈ። ደምሌ አባቱን በሁለት እጁ አቀፈ። ያንለት ነው ቁስሉን ቀርቦ ያየው።

ቁስሉ አልሻረም። ጊዜም አልነበረ። ማቃሰታቸው ግን ቀነሰ። ሲያርፉም ደምሌ ከጎናቸው ተቀምጦ እጃቸውን ይዞ ነበር።

ወገኖቼ... ለታመመ ሰው ደግ ማሰብ ብቻውን አይበቃም። ጠጋ ብሎ «ምን ይሻልዎታል?» ማለት ነው።

እናንተ በደምሌ ቦታ ብትሆኑ... ሚስታችሁን ታምኗት ነበር ወይስ አባን ታስጠሩ ነበር? ሳትደብቁ ከታች ጻፉልኝ።