አፍ መፍቻ

«አሥራ አምስት ዓመት? ያኔ እኮ እኔ አፈር ተጭኖኛል!» አሉ የመንደሩ ሹም አያ ካምሉዋን።

መማሪያ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከአውራጃው የመጣው የትምህርት ዕቅድ ሠራተኛ ሶምሳኑክም አብሮ ሳቀ።

«ዕቅዱ ለአገሩ ሁሉ እስኪዳረስ ነው፣ አባቴ። እናንተ ጋ ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ይጀመራል። ልጆቹ መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ፣ በክሙኛ ይማራሉ፤ የመንግሥቱ ቋንቋ ላኦኛ ቀስ ብሎ ይገባል። ክሙኛ የሚችል አስተማሪ እንልክላችኋለን።»

«መምህርት ቪላይፎንስ?» አለች አንዲት ሴት።

«ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትዛወራለች።»

ሳቁ ቆመ። ላኦኛ ተናጋሪዋ ቪላይፎን ከሜኮንግ ወንዝ ዳር ከመጣች ቆይታለች። ቤቷን ተረባርበው የሠሩላት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ልጇንም የወለደችው እዚሁ ነው። ክሙኛዋ ግን ዛሬም ከሰላምታ አያልፍም።

አያ ካምሉዋን ተቆጡ። «እሷንማ አንሰጥም! ክሙኛውን እኛ እቤታችን እናስተምራለን፣ መንግሥት ምን አደከመው? ልጆቻችን የቸገራቸው ላኦኛ ነው።»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ሕዝቡ።

ሶምሳኑክ ወደ ቪላይፎን ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዝም ብትል ይበቃት ነበር፤ መንደሩ ይሟገትላታል። በዚህ መሐል ዓይኗ ተማሪዋ ፔንግ ላይ አረፈ። ፔንግ አንደኛ ክፍልን እየደገመች ነው። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «ልጅሽ ትንሽ ዘገምተኛ ሳትሆን አትቀርም» ብላ ለእናትየው የነገረቻት ራሷ ቪላይፎን ነበረች።

አሁን ፔንግ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ እጇን እያወናጨፈች በክሙኛ ታወራለች። አሮጊቷ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፍነው ይንፈራፈራሉ።

ቪላይፎን ወደ እናትየው ጠጋ አለች። «ምን እያለቻቸው ነው?»

«ኧረ ተያት! ጭልፊቱ እንዴት እንደመጣ፣ ዶሮዋ ጫጩቶቿን የት እንደሸሸገች፣ አንዷን ለምን እንደረሳቻት... ይቺ ልጅ አፏ መቼ ያርፋል! እቤት ማን ያስተኛናል?»

ቪላይፎን ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ሶምሳኑክ ዞረች።

«አስተማሪውን ላኩላቸው።»

«ምን ነካሽ፣ ልጄ?» አሉ አያ ካምሉዋን።

ሄዳ ከአሮጊቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የዶሮዋን ነገር፣ ባይገባትም፣ መጨረሻውን መስማት ፈልጋለች።

ፔንግ አስተማሪዋን ስታይ ወዲያው ዝም አለች።