የብርቱካኖቹ ጥም

ጡረተኛው ሾፌር ጎረቤቱን በያጁን ካኮረፈ ሰንብቷል። የጠባቸው መነሻ ሁለቱን ግቢ የሚለየው አጥር ነበር። ዘንድሮ ግን የሾፌሩ ብርቱካኖች መጠውለግ ጀመሩ፤ ኩርፊያውም ጥላቻ ሆነ።

«መርዝ እያፈሰሰብኝ ነው» አለ፣ የተጨማደደ ቅጠል ሴት ልጁ ፊት እያወዛወዘ። «እዚያ ላቦራቶሪ ስትውዪ ምንድን ነው የምትሠሪው? መርምሪልኝ።»

የልጅቱ ሥራ ዕፅዋት ሲጨነቁ የሚያመነጩትን ሆርሞን መለካት ነበር።

«እሺ አባዬ፣ ብቻ አትናደድ።»

«እንዴት አልናደድ? ልጆቼ ናቸው እኮ።»

እናቷ የልብ መድኃኒቱን ከውሃ ጋር ይዛ መጣች። ክኒኑን በእጇ ካልሰጠችው አይውጥም። ሐኪሙ ከአትክልቱ ሥራ ካላረፈ ልቡ እንደማይችል ተናግሯል፤ እሱ ግን ሚስቱ ዶማውን ብትደብቅበት ሌላ ገዝቶ ገባ።

ልጅቱ ቅጠሎቹን ቆርጣ እዚያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከተተቻቸው። ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ መጨነቁን አያቆምምና በብርቱ ቅዝቃዜ ባለበት ማስቆም ያስፈልጋል። ላቦራቶሪ ወስዳ እንደ ዱቄት ፈጨቻቸው፣ በአልኮል ዘፈዘፈች፣ አጣርታ ለማሽኑ ሰጠች። የምትፈልጋቸው ሆርሞኖች መጠን እዚህ ግባ የማይባል ኢምንት ነው፤ ማሽኑ ግን ሞለኪውሎቹን እየለየ እየመዘነ ያገኘዋል።

ውጤቱን አላምን ብላ ደገመችው። ቅጠል በመርዝም ሆነ በሌላ ሲጎዳ የሚጨምረው ሆርሞን ከጤነኛ ዛፍ አይለይም። ውሃ ሲጠማው የሚጨምረው ግን ጣሪያ ነክቷል።

«አባዬ፣ መርዝ አይደለም። ዛፎቹ ውሃ ጠምቷቸዋል።»

«ምን ማለትሽ ነው? በየማለዳው ቧንቧውን ከፍቼ አይደል ለእግር ጉዞ የምወጣው? ስመለስም ክፍቱን አግኝቼ ነው የምዘጋው።»

ውሃው የሚሄደው መሬት ውስጥ በተቀበረ የጎማ ቱቦ ስለሆነ፣ መፍሰስ አለመፍሰሱ ከላይ አይታይም። ልጅቱ ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያው ስትወጣ የሚዘጋው፣ ልትመለስ ስትል ደግሞ የሚከፍተው ሰው አለ። መውጫ መግቢያህን የሚያውቅ ሰው።»

አባትየው በየማለዳው የሚያልፈው በበያጁ ደጃፍ ነው። ቧንቧው ያለውም አጥሩ በተነደለበት በኩል ነው። ሁለቱም ይህንን እኩል አሰቡት። አሁን ልጅቱም ደሟ ፈላ።

እስከዛሬ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አንተ አለችው።

«ልቡን እንደሚያመው እያወቅክ ውሃ ትዘጋበታለህ? ትንሽ አታፍርም?»

በያጁ የፊት መከላከያውን ወደ ላይ ገለጠ። «የምን ውሃ?»

«ማሽን አይዋሽም።»

«ማሽንሽ ስሜን ጠርቶ ነው?»

ይበልጥ በግና ጥላው ሄደች።

አመሻሹ ላይ አባትና ልጅ የምርመራውን ውጤት ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄዱ ተነሡ። እናትየው በር ላይ ቆመችባቸው።

«ተው አንተ ሰውዬ። ዛፍ ነው፤ ከደረቀም ይድረቅ። በዛፍ ሰው አታሳስር።»

«ደግሞ ለእሱ ጠበቃ ቆምሽ?» ብሎ ገፍቷት አለፈ። ጣቢያ ደርሶም፣ ውሃው ሳይበቃው እኔንም ሊገድለኝ ዝቷል ሲል የሌለ ነገር ጨመረበት። ልጅቱ ውሸት መሆኑን እያወቀች ዝም አለች።

በያጁ ጣቢያ አደረ።

በማግስቱ አባትየው እያፏጨ ቧንቧውን ከፍቶ ወጣ። ብየዳ ቤቱ ተዘግቷል። ልጅቱ አዲስ ቅጠል ልትቆርጥ የናይትሮጅን ዕቃዋን ታቅፋ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ከዛሬ ጀምሮ የሆርሞኑ ቁጥር እንደሚወርድ እርግጠኛ ነበረች። አጥሩ ሥር አንድ ሰው አጎንብሷል።

ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ቀና ያለችው እናቷ ነበረች።