ድንግዝግዝ ችሎት

ሽማግሌው ምስክር "አላየሁትም" አሉ፤ አስተርጓሚዋ ግን "አይቼዋለሁ ይላሉ" ብላ ለዳኛው አቀበለች። መሳሳቷ የገባት፣ የተከሳሹ እናት ከኋላ ወንበር "ወይኔ ልጄን!" ብለው ሲጮሁ ነው። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ችሎቱ ግን መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ከመብራቶቹ ገሚሱ ተቃጥሎ፣ የቀረውም ገርጥቶ ድንግዝግዝ ብሏል። አስተርጓሚዋ ሌሊቱን ጠግባ ተኝታ ብትመጣም ከጠዋት ጀምሮ ዐይኗ ይከደን፣ ሐሳቧ ይበተን ነበር። መጋረጃውን ክፈቱልኝ ብትል ጸሐፊው "ደግሞ ለመስማት ምን ብርሃን ያስፈልጋል?" ብሎ ስቆባታል።

ዳኛው ቃሉን ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሱ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ሽማግሌው የችሎቱን ቋንቋ አይሰሙም። እሷ ግን ተነሣች።

"ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላየሁትም ነው ያሉት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

እናትየው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። እሷም እፎይ ልትል ስትል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት።

"ጠዋት የፈረድንበት ሰውዬስ?" አሏት ቀስ ብለው። "የእሱን ቃል በትክክል ነው የነገርሽን?"

"አዎ" ልትል አፏን ከፈተች። የሰውዬውን ንግግር ግን ብታስስ ብታስስ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ አጣች። ትዝ ያላት እሱ እጁን እያወናጨፈ ብዙ እንደተናገረ፣ እሷ ደግሞ በጣም በአጭሩ እንዳቀበለች ብቻ ነበር።