ጎባጣው ኮኮናት የማን ነበር?

«ቁረጠው አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?»

ማዱካ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ ራቅ አደረገው…

የሞተር መጋዙ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አንድ ጎባጣ የኮኮናት ዛፍ ቆሟል። ዛፉን ደግሞ አንዲት አሮጊት በሁለት እጃቸው አቅፈውታል።

ማዱካ አትክልተኛ ነው። ከኦዌሪ ከተማ ወደዚህ መንደር የመጣው የእኚህን እናት ጓሮ ሊያጸዳ ነው።

ጓሮውን ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ሣሩ ከቁመታቸው በለጠ… ሐረጉ የኩሽናውን መስኮት ሸፈነ… ባለፈው ክረምት ጭራሽ እባብ ምድጃው ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ።

ልጃቸው ኡዞንዱ ሌጎስ ነው የሚኖረው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ሰው እልካለሁ እማ፣ እልካለሁ» ሲል ከረመ።

አሁን ግን ላከ!

ለምን መሰላችሁ? ቅዳሜ የአለቃነት ማዕረግ ተቀብሎ ቀይ ቆብ ሊደፋ ነው… እንግዳ ሊመጣ ነዋ!

ማዱካ በገጀራ ሲመነጥር ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ከሐረጉ ውስጥ ሁለት የኮኮናት ዛፎች ብቅ አሉ።

አንዱ ቀጥ ያለ፣ ፍሬው የበዛ። ሌላው ጎባጣ፣ ሦስት ፍሬ ብቻ ያንጠለጠለ።

ማዱካም ልማዱን የሚያውቅ የዚያው አገር ልጅ ነውና ገና ሲያያቸው ገባው። እያንዳንዱ ዛፍ ሥር የአንድ ልጅ እትብት ተቀብሯል። ዛፉም የዚያ ልጅ ነው።

«ቀጥ ያለው የኔ ነው፣ እሱን እንዳትነካ!» አለ ኡዞንዱ በስልኩ። «ጎባጣው የሟች ወንድሜ የኦቢዲኬ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ጋ ነው፣ አንሳልኝ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እትብት ያለበት ዛፍ ቆርጬ አላውቅም። እናትዎም እያለቀሱ ነው…»

«አንተ የመጣኸው ሣር ልታጭድ ነው ወይስ ልታስታርቀን? እስኪ ስጣት!»

አሮጊቷ ዛፉን ሳይለቁ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ልጄ፣ በናትህ ተወው። እንግዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ።»

«እማ፣ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው እኮ! የሟች ዛፍ እያየሽ ስታለቅሺ መኖር ይብቃሽ። ላንቺው ብዬ ነው።»

«አይደለም ልጄ… እንደሱ አይደለም…»

«ታዲያ እንዴት ነው? ንገሪኛ!»

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። ማዱካ አሁን ይናገራሉ ብሎ ጠበቀ…

መልሰው ዘጉት።

«አየሽ፣ ምክንያት የለሽም። እሱ ዛሬ ካልቆረጠው ነገ ሌላ ሰው እልካለሁ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ማዱካ ምን ያድርግ? እንቢ ቢል ነገ ሌላው መጥቶ ያለ ርኅራኄ ይገነድሰዋል።

«እማማ… ምን ይሻላል?»

አሮጊቷ ግንዱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

«በል ቁረጠው። ቀስ ብለህ ግን።»

መጋዝ ቀስ ማለት ያውቃል እንዴ፣ ወገኖቼ!

ዛፉ ወደቀ። ሦስቱ ኮኮናቶች በተጸዳው መሬት ላይ ተንከባለሉ። አሮጊቷ አንድ በአንድ ለቅመው በሽርጣቸው ያዟቸው።

ማዱካ ተንበረከከ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። የሟች ልጅዎን ዛፍ ቆረጥኩት።»

«የሟቹ ያው ቆሟል» አሉት ቀጥ ያለውን ዛፍ እያዩ። «የቆረጥከው የኡዞንዱን ነው።»

ማዱካ ክው አለ።

«ኡዞንዱ አምስት ዓመቱ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ በሽታ አይለየውም። የሰፈር ልጆች ‹ጎባጣው ያንተ ነው፣ አንተም እንደሱ ጎብጠህ ትቀራለህ› ብለው አስለቀሱት። ኦቢዲኬ ታላቁ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ልጆቹ እየሰሙ ብድግ አድርጎ አቀፈውና ‹ማነው እንደዛ ያለህ? ቀጥ ያለው ያንተ ነው፣ ጎባጣው የኔ ነው› አለው…»

«ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ቀና ብሎ ሄደ። ስድቡ ለኦቢዲኬ ሆነ። ኋላ ለብቻዬ አግኝቶኝ ‹እማ፣ በሞቴ እንዳትነግሪው› አለኝ።»

እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በሞቴ ብሎኝ… ሞተ። አሁን በምን አንደበቴ ልንገረው?»

«ኧረ እማማ፣ ለኔ እንኳ ቢነግሩኝ ኖሮ!»

«ለሱ ትነግረው ነበራ!»

እውነታቸውን ነው። ይነግረው ነበር።

«የሟቹ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር» አሉ። «የኗሪ ልጅ እትብት ሲቆረጥ ግን… ምን ተብሎ ይለቀሳል?»



ቅዳሜ ደረሰ። ድንኳኑ ጉቶው ላይ ተተከለ። ኡዞንዱ ቀይ ቆቡን ደፍቶ እንግዶቹን ወደ ጓሮ ይዟቸው መጣና ቀጥ ያለውን ግንድ ተደገፈ።

«ይሄ የኔ እትብት ነው! እዩት፣ ከጥንቱም ቀጥ ያለ ነው። የወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመነሻውም ጎባጣ ነበር።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«አትክልተኛው! ና ፎቶ አንሳን። እማ፣ ነይ ከልጅሽ ጋር ተነሺ!»

ማዱካ ስልኩን ተቀበለ። አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠው።

ፎቶው ላይ ኡዞንዱ የእናቱን ትከሻ ይዞ ይስቃል…

የእናትየው ሁለት እጅ ግን ያቀፈው ዛፉን ነው።

ኡዞንዱ ፎቶውን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። «እማ ደግሞ! ከኔ ይልቅ ዛፌን ነው የምትወደው!»

ወዳጆቼ… ዛሬ ቀና ብለን የምንሄደው ትናንት አንድ ሰው ጎብጦልን ሊሆን ይችላል። ተደግፈን የምንፎክርበት ዛፍ ሥር የማን እትብት እንዳለ ሳናውቅ የሌላውን አንቁረጥ።

እናንተ በእኚህ እናት ቦታ ብትሆኑ የሟቹን አደራ ትጠብቁ ነበር ወይስ ለኗሪው እውነቱን ታፈርጡለት ነበር? ማዱካስ ዝም ማለቱ ልክ ነበር? እኔ ይኸው እስካሁን አልቆረጠልኝም… እስኪ ሐሳባችሁን ከታች አካፍሉኝ።