ሁለት ጥቅል ሽቦ

«ጨምሪው!» አለ ባሏ ከወፍራሙ የብረት ላሜራ ስር። «ከረንቱን ጨምሪው እንጂ!»

ጨመረችው። የመለኪያው ቀስት ቀዩን ምልክት ነካ። ላሜራው ላይ የተቀመጠው የክሬኑ ማግኔት አጉረመረመ፤ ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ግን ብቻውን ሊላቀቅ ቃጣው። ቶሎ መለሰችው።

ማግኔቱ ተቃጥሎ ነበርና ባሏ ትናንት ሁለቱንም ጥቅል ሽቦ አዲስ አድርጎ ጠምጥሞ ገጥሞታል። ክሬኑን የምትነዳው እሷ ስለሆነች ዛሬ አብረው ሊሞክሩት ወደ መጋዘኑ ገቡ። ማግኔቱ ላሜራውን ስንዝር ያህል አንስቶ ለቀቀው፤ የባሏ እግር ከስሩ ቀረ። እግሩን ከመጨፍለቅ ያዳነው አንድ የእንጨት ጉማጅ ነው፤ እሱም መሰንጠቅ ጀምሯል። ላሜራውን የሚያነሳ ክሪክ ላምጣ ብሎ የወጣው ዘበኛ የውሃ ሽታ ሆኗል።

«አንዱን ጥቅል ልፈታው ነው» አለች።

«አብደሻል? በሁለቱ ያልተነሳ በአንዱ ሊነሳ?»

ኤሌክትሪኩን አጥፍታ የአንዱን ጥቅል ሽቦ ፈታችና መልሳ አበራችው። ከዚያ የብሎን መፍቻውን ወደ ማግኔቱ ጎን አስጠጋች። ቅድም፣ ሁለቱም ታስረው ሳሉ ስታስጠጋው፣ ለአመል ያህል ነበር የሳበው። አሁን ከእጇ ነጥቆ ለጠፈው።

አንዱ ብቻውን ከሁለቱ ይበልጣል ማለት በአንደኛው ጥቅል ኤሌክትሪኩ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ይዞራል ማለት ነው። አንዱ የሳበውን ሌላው ሲያፈርስበት ነው የቆየው።

«አንዱን ገልብጠህ ነው የገጠምከው።»

«እናቴ ትሙት! በትክክል ነው የገጠምኩት!»

ይህ ሰው እግሩ ላሜራ ስር ሆኖ እንኳ መሸነፍ አይወድም።

«እናትህን ተዋትና ዝም በል» አለች መፍቻውን ለማላቀቅ እየታገለች። «አንዱ ብቻውን ይህን ሁሉ ብረት አይችልም። የፈታሁትን ገልብጬ ሁለቱንም ላስራቸው ነው።»

ጉማጁ ቀጭ አለ።

«ከተሳሳትሽስ?» አለ ባሏ። ድምፁ ቀጥኗል። «እንደ ቅድሙ አንስቶ ከለቀቀው እኮ እንጨቱ ሁለተኛ አይችለውም።»

እሷም ይህንኑ ነበር የምታስበው። ፈርታለች። ኤሌክትሪኩን አጠፋች፤ የፈታችውን ጥቅል ሁለት ጫፎች አቀያይራ አሰረች፤ ብሎኑን ሁለቴ ሳተችው።

«በል፣ ክፍተት እንዳየህ ውጣ።»

አበራችው። ከክሬኑ በተንጠለጠለው መቆጣጠሪያ ላይ የማንሻውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ላሜራው እንደተበየደ ሁሉ ከማግኔቱ ጋር ተነሳ፤ ጣት ያህል፣ ከዚያ መዳፍ ያህል። ባሏ በክርኑ እየተጎተተ፣ እያቃሰተ፣ ያንን እግሩን ይዞ ወጣ።

«ወጣሁ» አለ። ቀና ብሎ አያት። «ወጥቻለሁ እኮ። በቃ፣ ቁልፉን ልቀቂው።»

አልሰማችውም። ላሜራው ከራሷ በላይ አልፎ ወደ ጣሪያው እየሄደ ነው፤ እሷ እንደገና እንዳይለቀው ዓይኗን ከማግኔቱ ሳትነቅል አሁንም ቁልፉን እንደተጫነች ናት።