የአምስተኛዋ አዋሳኝ አሻራ

ሃብተአብ በዕድሜው የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የስምሪት ኃላፊ ነው። አሥራ አንድ የተማሪ አውቶቡሶች ያሰማራል፤ ግቢው የሚችለው አምስቱን ብቻ ነው። የቀሩት መንገድ ዳር እየቆሙ ትራፊክ ፖሊስ ተማሯል። ትምህርት ቤቱ ከጀርባው ባለው ባዶ ቦታ ማቆሚያውን ለማስፋት ፈቃድ ጠየቀ። የመሬት አጠቃቀሙ ታየ፣ ፕላኑ ታየ፣ በመጨረሻ አንድ ወረቀት ቀረ። አጥር የሚጋሩ አምስት ቤቶች «አንቃወምም» ብለው የሚፈርሙበት ቅጽ ነው። ቅጹ ከነሐሴ ካለፈ ስድስቱ አውቶቡሶች መስከረም ላይ አይወጡም፤ ሃብተአብም ሥራውን ያጣል።

ሦስቱ ቤቶች በአንድ ከሰዓት ፈረሙ። አራተኛው የቀበሌ ቤት ነው። ተከራዩ ሽማግሌ ሲሞቱ፣ ሲያስታምማቸው የኖረው የወንድማቸው ልጅ ጋዲሳ ስሙ ውሉ ላይ የለም ተብሎ ወጣና በሩ ታሸገ። ስለዚህ በዚያ ቤት ፋንታ ወረዳው ራሱ ፈረመ። ሃብተአብ ለጋዲሳ አዘነ፤ በፊርማው ግን ደስ አለው። ሰው እንዲህ ነው።

አምስተኛዋ እማማ ዘይነባ ናቸው፤ እሳቸውም የቀበሌ ቤት ተከራይ። መጀመሪያ የሄደ ቀን በራቸው ላይ ቆሞ «እማማ ዘይነባ!» እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ቆይተው ከፈቱ።

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ፤ አትቀየመኝ» አሉት። ወዲያው ደግሞ «ያቺ ጠዋት የምትወጣው መኪናችሁ ፍሬኗ ያፏጫል። የሰው ልጅ ነው የጫነችው፤ ለመካኒክ አሳዩዋት» አሉ።

ሃብተአብ አስፈተሸ። እውነታቸውን ነበር።

ቅጹን ሲዘረጋላቸው ፊደል አልቆጠርኩም አሉ። በአሻራም ይሆናል አላቸው።

«አሁንማ ውዱእ አድርጌ ልሰግድ ነው፤ ቀለም አልነካም።»

በሁለተኛው ጊዜ አውራ ጣታቸውን ቢላ ቆርጧቸው በጨርቅ ጠቅልለውታል። በሦስተኛው ዕቃቸውን ሸክፈው በር ላይ አገኛቸው። ለሟች እህታቸው ሰደቃ ሊያወጡ ከሚሴ መሄዳቸው ነው።

«ስመለስ እናየዋለን፤ አብሽር» ብለው ለመንገድ ከያዙት ቴምር ዘግነው ሰጡት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀረው። ርዕሰ መምህርቷ እጸገነት በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች።

«ማለቴ፣ አንዲት አሮጊት ናቸው ያቃቱህ? በቃ ጨርሰው እንጂ ሃብተአብ።»

ጨረሰው። ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ተጫነ፤ ቀጥሎ «ዘይነባ» ከሚለው ስም ጎን። ቀለሙ በሳሙና ለቀቀ። እሱ ግን ሰው ፊት እጁን ኪሱ መክተት ጀመረ።

እማማ በጳጉሜን መጀመሪያ ተመለሱ። ይባስ ብለው ማንጎ ይዘውለት መጡ። ፊታቸው ልጦ በላው። ስለ ቅጹ አላነሳም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። የአሮጊት ስም ሰርቆ፣ ማንጎዋን በልቶ! ራሱን ጠላ።

በማግስቱ ካዛንቺስ በኩል ካለው የፈቃድ ቢሮ ባለሙያዋ ሲምረት ደወለች።

«አዲስ አሠራር መጥቷል፤ በአሻራ የፈረሙ በአካል ቀርበው ያረጋግጣሉ። እማማን ይዘሃቸው ና።»

በትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ወሰዳቸው። መብራት በያዘው ቁጥር አሁን ልንገራቸው ይላል፤ አረንጓዴ ሲበራ ይተወዋል። እማማም ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ተሸፋፍነው በመስኮት ያያሉ።

ሲምረት መታወቂያቸውን ተቀብላ አየች።

«ያኔ ወፈር ብለው ነበር፣ እማማ።»

«ዕድሜ ያከሳል፣ ልጄ።»

ቅጹን ፊታቸው አደረገችው። «ይህ አሻራ የእርስዎ ነው? ካልሆነ አይጨነቁ። አሁን አሻራዎን እንወስድና የቤቱ ውል ላይ ካለው ጋር እናመሳክረዋለን። ያጭበረበረው ሰው በሕግ ይጠየቃል።»

ሃብተአብ እጁን ኪሱ ከተተ። እማማ ቅጹን እንኳ አላዩትም።

«የኔ ነው» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የገዛ ጣቴን አጣዋለሁ?»

ማህተሙ ተመታ።

ወጥተው ደረጃው ጋ ሲደርሱ ሃብተአብ ቆም አለ። እዚያው ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ያ አሻራ የኔ ነው። ከሚሴ ሳሉ እኔ ነኝ ያደረግኩት። ለልጆቹ ብዬ ነው እንዳልል ለራሴ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ እኔን ለማዳን ዋሹልኝ» አለ። እንባው መጣ። «ተመልሼ እነግራታለሁ።»

ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ። አትንገር።»

«ስምዎን ሰርቄ እንዴት ዝም እላለሁ?»

እማማ ወደ ቢሮው በር ዞር ብለው አዩ። ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ ጎንበስ አሉ።

«ዘይነባ እህቴ ነበረች» አሉት።